መስታወቱ ላይ የቀሩ ጣቶች

የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ምን ያህል እንደሚዘል ማወቅ የፈለገ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ወደ ላይ ያያል። እሷ ግን ተጫዋቾቹ ሲዘሉ አይታ ፈርዳ አታውቅም። ዘለው፣ ታጥበው፣ ቤታቸው ገብተው ካደሩ በኋላ በነጋታው ጠዋት መሰላሏን ተሸክማ ትመጣና መስታወቱን ታያለች። የሰው ጣት መስታወት ነክቶ ላብ ሳይተው አይሄድም። እሷ የምታነበው ያንን ነው።

የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ሥራውን ከያዘች ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወለሉን ትወለውላለች፣ የመልበሻ ክፍሉን ታጥባለች፣ ወንበሮቹን ታራግፋለች። ዓርብ ዓርብ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ግድግዳው ላይ የታሰሩትን የቅርጫት ሰሌዳዎች ትጠርጋለች። ሰሌዳዎቹ መስታወት ናቸው። መሃላቸው ላይ በነጭ ቀለም የተሠመረ አራት ማዕዘን አለ። የአራት ማዕዘኑ የላይኛው መስመር ከፍ ከማለቱ የተነሳ እሷን የሚያህሉ ሁለት ሰዎች ቢደራረቡም አይደርሱበትም። እዚያ የሚያደርሳት አሥር ደረጃ ያለው፣ እግሩን ሲከፍቱት የሚያቃስት የእንጨት መሰላል ነው። ከመሰላሉ ተለይታ ስለማታውቅ ተጫዋቾቹ "እትዬ መሰላል" ይሏታል። መጀመሪያ ሰሞን ከፍቷት ነበር፤ በአጭርነቷ የሚያሾፉ መስሏት። ኋላ ግን ለመደችው። አንድ ቀን የቢሮውን ስልክ አንስታ "ማን ልበል?" ሲሏት "እትዬ መሰላል" ብላ እስከመመለስ ደረሰች።

ፈራጅነቷ የመጣው በሐሙስ ውርርድ ነው። ተጫዋቾቹ በኳስ የሚተዳደሩ፣ ሚስትና ልጅ ያላቸው ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ግን ሐሙስ ልምምድ ሲያልቅ ልጅ ይሆናሉ። ተራ በተራ ተንደርድረው ይዘሉና መስታወቱን በጣታቸው ይነካሉ። ከሁሉም ያነሰ የዘለለ ሳምንቱን ሙሉ የኳሶቹን ከረጢት ይሸከማል። ታዲያ ሁልጊዜ ጭቅጭቅ ነው። "የላይኛው የኔ ነው።" "ዞር በል ወዲያ፣ ያንተማ ከስር ያለው ነው።" አንድ ዓርብ ጠዋት እንዲህ ሲጨቃጨቁ መሰላሉ ላይ ሆና ሰማቻቸው። ዝም ልትል ነበር። ዝም ማለት ልማዷ ነው። ብቻ ምን እንዳናገራት እንጃ፣ ጨርቁን እንደያዘች ቀስ ብላ፣

"የላይኛውስ የሱ ነው" አለች፣ በአገጯ እያመለከተች። "የመሃል ጣቱ ጎበጥ ያለ ነው።"

ሁሉም ዞረው የሰውየውን እጅ ይዘው አዩት። እውነትም የመሃል ጣቱ አንድ ጊዜ ተሰብሮ ሲጠገን ጎብጦ ቀርቷል። ያ ሰው ፌንጣ የሚሉት ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ እሷ ሳትፈርድ ከረጢት የሚያነሳ ጠፋ።

ፈራጅ ከሆነች በኋላ ነው ሌላ ነገር የገባት። ከፍ ብሎ መንካትና ከፍ ብሎ መዝለል ለየቅል ናቸው። ቁምሳጥን የሚሉት አለ፤ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል። መስታወቱን ከሁሉም በላይ የሚነካው እሱ ነው፤ እግሩ ግን ከወለሉ ተነሳ ለማለት ያህል ነው። ፌንጣ ደግሞ ከመሃላቸው አጭሩ ነው። አጭር ሲባል በነሱ ልክ ነው እንጂ እሷማ ከደረቱ አታልፍም። ስለዚህ አንድ ዘዴ አበጀች። እያንዳንዱን መሰላሉ አጠገብ አቁማ፣ እጁን ወደ ላይ አዘርግታ፣ ጣቱ ስንተኛው ደረጃ ላይ እንደሚደርስ ያዘች። ከዚያ በኋላ ከቆመበት ጣቱ እስከ ዘለለበት ጣቱ ያለውን በስንዝሯ ትለካለች። ቁምሳጥን ሦስት ስንዝር ቢሆን ነው። ሽቦ የሚሉት ቀጭኑ ወጣት ሦስት ተኩል። ፌንጣ አራት ስንዝር ደህና አድርጎ።

"ቁምሳጥን ከፍ ብሎ ነካ፤ ፌንጣ ከፍ ብሎ ዘለለ" አለቻቸው።

ቁምሳጥን ተቀየመ። "እንዴ እትዬ፣ ረጅም መሆኔ ወንጀል ሆነ?"

"ወንጀልስ አይደለም። ግን ቁመቱን የሠራችው እናትህ ናት። እኔ የምለካው አንተ የሠራኸውን ነው።"

እንደዚያ ሲስቁ ሰምታቸው አታውቅም። እሷ ግን ያን ያህል መናገሯ አሳፍሯት፣ ንጹሑን ጨርቅ እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ትምህርቷ ከሁለተኛ ክፍል አላለፈም። ስሟን ትጽፋለች፣ ቁጥር ታውቃለች። ከዚያ ያለፈ ወረቀት ሲመጣባት እጇን ያልባታል። አሰልጣኙ አንድ ጊዜ የሳምንቱን ውጤት እንድትሞላለት ቅጽ ቢሰጣት፣ ሦስት ቀን በቦርሳዋ ይዛው ዞረችና "መነጽሬ ተሰብሮ ነው" ብላ ባዶውን መለሰችለት። መነጽር ኖሯት አያውቅም። ግን የራሷ ደብተር አላት፤ ለማንም የማታሳየው። በየዓርቡ አንድ ገጽ ላይ አራት ማዕዘን ትሥላለች፣ የእያንዳንዱን ጣት በነጥብ ታስቀምጣለች። ከነጥቡ ጎን ለፌንጣ እግረ ረጅም ነፍሳት፣ ለቁምሳጥን ሣጥን፣ ለሽቦ የተጠማዘዘ መስመር ትሥላለች። ደብተሩ ለሚያውቅበት ሰው የስንት ሰው ጉልበት የስንት ዓመት ታሪክ ነው።

የፌንጣም ታሪክ እዚያ አለ። በደህናው ዘመን ነጥቡ ከመስመሩ በላይ ሁለት ጣት ነበር። ከዚያ መስመሩ ላይ ሆነ። ከዚያ ከመስመሩ ስር አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት። ያለፈው ዓመት ሲያልቅ ሦስት ጣት ከስር ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የቀኝ ጉልበቱ ሲያርፍ ድምፅ ያሰማል። ሐኪሙ ሌላ አንድ ዓመት ከተጫወትክ ከዚያ ወዲያ በከዘራ ነው የምትሄደው ብሎታል። አዳራሹ ለእረፍት ሊዘጋ ሰሞን እሷ ስትወለውል ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣

"እትዬ፣ በቃኝ መሰለኝ" ብሏት ነበር። "አንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ሁን ብሎኛል። ቤቴ አጠገብ ነው። ልጆቹ እንኳ ሲያዩኝ አጥር ላይ ይንጠለጠላሉ።"

"ታዲያ ጥሩ አይደል።"

"ጥሩ ነው" አለ፤ አባባሉ ግን የጥሩ አልነበረም። "ከእረፍት በተመለስክ በመጀመሪያው ቅዳሜ መልስ ስጠን ብለውኛል።"

በእረፍቱ አዳራሹ ስድስት ሳምንት ተዘጋ። የድሮው ወለል ተሰነጣጥቆ ስለነበር አዲስ ሊሠራ ነው ተባለ። የወለል ሠራተኞቹ አሮጌውን መንቀል ጊዜ ይፈጃል ብለው መሰለኝ፣ እንዳለ ተዉትና በላዩ ላይ ወፍራም ላስቲክ ዘረጉ፣ በላስቲኩ ላይ እንጨት ደረደሩ። ሲያልቅ ያማረ ወለል ሆነ። በሮቹ ከስር እየታከኩ አልከፈት ሲሉ አናጢ ተጠርቶ ከታች ቆረጣቸው። ይሄን ሁሉ ያየ ሰው የለም ማለት አይቻልም፤ ሁሉም አይቷል። ያሰበበት ግን የለም። ቅርጫቶቹ ግድግዳቸው ላይ እንደተሰቀሉ ነበሩ፤ ስለነሱ ማን ያስባል።

ሰኞ ተጫዋቾቹ ተመለሱ። የሚወረውሩት ኳስ እየረዘመ ከቀለበቱ እያለፈ አስቸገራቸው፤ "ኳሱ አዲስ ስለሆነ ነው" ተባባሉ። አሰልጣኙ አዲስ የዝላይ ልምምድ ይዞ መጥቶ ነበር፤ በአንድ እግር ሣጥን ላይ መውጣትና መውረድ። ሐሙስ እንደ ልማዳቸው ተወራረዱ።

ዓርብ ጠዋት መሰላሏን ከፍታ ቀና ስትል መስታወቱን ማመን አቃታት። የሁሉም ጣት ወጥቷል። ሽቦ ወጥቷል። እረፍቱን ተኝቶ ያሳለፈው፣ ሆዱ ከማልያው የቀደመው ቁምሳጥን እንኳ ወጥቷል። ከነጩ መስመር በላይ ደግሞ፣ በጭራሽ ባልጠበቀችው ቦታ፣ የጎበጠችው ጣት ቁጭ ብላለች። ጮቤ ልትረግጥ ምንም አልቀራትም። "ጎሽ የኔ ልጅ" አለች ለብቻዋ።

ከዚያ ጨርቋን ነክራ መውጣት ጀመረች። አምስተኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ እንደ ወትሮዋ በቀለበቱ ስር አንገቷን ልታሾልክ ስትል ብረቱ ግንባሯን ቋ አደረጋት። ደረጃውን ጨምድዳ ቆመች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያች ደረጃ ላይ ቆማ ሻሿ ቀለበቱን ታከክ ሲያደርገው እንጂ መትቷት አያውቅም።

"እኔም ረዘምኩ እንዴ?" አለች።

ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜ የሚረዝም ሰው አልሰማችም። ግንባሯን እያሸች ወረደችና አንዴ ወለሉን፣ አንዴ ቅርጫቱን አየች። ከዚያ የተቆረጡትን በሮች አየች። ነገሩ ቀስ እያለ ገባት። ተጫዋቾቹ አልወጡም። የወጣው ወለሉ ነው።

ይሄኔ በሩ ተከፈተና ፌንጣ ገባ። ልምምድ ሊጀመር ገና ሁለት ሰዓት ይቀረዋል። የልምምድ ልብስ አልለበሰም። ቀጥ ብሎ ወደ መስታወቱ ሄደ፤ አንገቱን አቅንቶ እስኪበቃው አየ።

"አልጠረግሽውም አይደል? ጎሽ። ሌሊቱን ሙሉ ሕልም ነው ወይ ስል ነበር።"

"አልጠረግኩም" አለች።

"ከመስመሩ በላይ ነው እትዬ። ከመስመሩ በላይ። ስንት ዓመት ሆነው?"

"አራት" አለች፤ ደብተሩ ውስጥ ስላለ ታውቀዋለች።

"አራት ዓመት።" ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ጉልበቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፣ ፈረስ እንደሚያባብል ሰው። "ይሄ ባለጌ እረፍት ብቻ ነው የፈለገው። ሐኪሙ ምን ያውቃል። ነገ አራት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ ሄጄ ይቅርብኝ እላቸዋለሁ። ክለቡም አንድ ዓመት ጨምር ብሎኛል፤ እጨምራለሁ።"

እሷ መናገር ፈለገች። ግን እንዲህ ፊቱ ሲፈታ ካየችው ስንት ጊዜዋ ነው? ደግሞስ እሷ ማን ናት? መሃንዲስ አይደለች፣ ሐኪም አይደለች። ብትሳሳትስ? "ግንባሬን ስለመታኝ ጉልበትህ አልዳነም" ተብሎ ለሰው ይነገራል?

"ልጥረገው?" ብቻ አለች።

"ዛሬን ተዪው። አንድ ቀን ይደር" ብሎ እየሳቀ ወጣ።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። የሚሠራው ከቤታቸው የፊተኛው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ነው፤ አንገቱ ላይ ሜትር ሳይጠመጠም ያየው ሰው የለም፤ አንዳንዴ ከነሜትሩ ማዕድ ይቀርባል። ያን ዕለት ማታ ሾርባቸውን ይዘው ሲቀመጡ ግንባሯን አየና፣

"ማን መታሽ?" አለ።

"ቅርጫት።"

"እሱ ደግሞ እጅ አወጣ?"

አልሳቀችም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችው። እሱ ማንኪያውን አስቀምጦ ሰማት። ስትጨርስ ገረመውና ራሱን ነቀነቀ።

"በኔ ሥራ በየቀኑ ያለ ነገር ነው" አለ። "ሰውየው ይመጣና ሱሪዬ አጠረ ይለኛል። ታጥቦ ነው ይላል፣ ጨርቁ መጥፎ ነው ይላል። ሆዱን አያይም። ሱሪው ግን አላጠረም፣ ሆድ ነው ወደ ላይ የሳበው።"

"እና ምን ትላቸዋለህ?"

"እኔማ ምን አገባኝ። 'አዎ፣ ጨርቁ ነው' ብዬ አስረዝምላቸዋለሁ። ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ።"

"እሱን ግን ምኑን ነው የማስረዝምለት?" አለች። "ሱሪ አይደለም እኮ። እግሩ ነው።"

"ይቀየምሻል" አለ ባሏ።

"ይቀየመኛል።"

"ደግሞ ሁለት ሳምንት ጠብቂ። የውድድሩ መርማሪ ሜትሩን ይዞ ይመጣ የለ? እሱ ይነግራቸዋል። አንቺን ማንም አያነሳሽም።"

ይሄ ልቧን አሳረፈው። መርማሪው በየዓመቱ ውድድር ሊጀመር ሲል ይመጣል፤ ቀለበቱን ለክቶ "ሦስት ሜትር ከአምስት" ብሎ ይፈርማል። እሱ ይናገር። ሾርባዋን አነሳች፤ ሁለት ማንኪያ ጠጣች። ሦስተኛው ላይ ማንኪያው አፏ ጋ ሳይደርስ ቆመ። መርማሪው የሚመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ፌንጣ ለትምህርት ቤቱ መልስ የሚሰጠው ነገ ነው። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቦታውን ሌላ ሰው ይዞታል።

እጇን ዘረጋች። "ሜትሩን ስጠኝ።"

"የቱን?"

"አንገትህ ላይ ያለውን።"

"እሱ አንድ ሜትር ተኩል ነው፤ ላንቺ ቅርጫት አይበቃም" አለና ተነስቶ ከመሳቢያ መጋረጃ የሚለካበትን ረጅሙን አወጣላት። ሲሰጣት ጫፉን አልለቀቀም። "አንቺ ሴትዮ፣ ጥርስሽን ንክስ አድርገሽ ንገሪው። እየተንተባተብሽ ከነገርሽው ከማዘኑ መናደዱ ይብሳል።"

ቅዳሜ በጠዋት አዳራሽ ደረሰች። ብቻዋን ለካችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ቁጥሩ አልተለወጠም። ፌንጣ ሁለት ሰዓት አካባቢ መጣ፤ ለቀጠሮው ለብሷል፣ ሸሚዙ ተተኩሷል። ከቀጠሮው በፊት መስታወቱ ላይ የቀረውን የጣቱን ምልክት አንዴ ልሰናበተው ብሎ ነው የመጣው።

"ምነው መሰላሉን እዚህ አቆምሽው?"

"ውጣና ይሄን ያዝልኝ" አለች፤ የሜትሩን ጫፍ እየሰጠችው። እየተንተባተበች አልነበረም፤ ድምፅዋ ግን በጣም ትንሽ ነበር።

"ለምን?"

"አንተ ውጣ ብቻ።"

ወጣ። እሱ ሦስተኛው ደረጃ ይበቃዋል። እሷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የሜትሩን መጀመሪያ እንጨቱ ላይ አጥብቃ ያዘች።

"ቀለበቱ ጋ ስንት ይላል?"

"ሁለት ሜትር ከዘጠና ስምንት" አለ። ከዚያ ሜትሩን ሳብ አደረገ። "አስተካክለሽ ያዢ፣ ላላ ብሏል።"

"አልላላም።"

"ሁለት ከዘጠና ስምንት" አለ እንደገና፤ ለራሱ። ሰውየው ሃያ ዓመት ከዚያ ቀለበት ስር የኖረ ነው። ሦስት ከአምስትን እንደ ስሙ ያውቃል። ወደ ታች ወለሉን አየ፤ በሮቹን አየ። እሷ ትናንት ያየችውን ሁሉ በዚያው ቅደም ተከተል ሲያይ አየችው። ወረደና የታችኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

"የባልሽ ሜትር የልብስ ነው። የልብስ ሜትር ይሳባል።"

"ቢሳብ ኖሮ ግማሹ ሰፈር ሱሪው ይወልቅ ነበር።"

አልሳቀም። "መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ትናንት።"

"ትናንት ስመጣ?"

"ከመምጣትህ በፊት።"

"እና 'ልጥረገው' ትይኛለሽ።" ድምፁ ሻከረ። "ወይ መንገር ነው፣ ወይ መተው ነው እትዬ። ደግሞስ ማን ጠየቀሽ? ጠራጊ አይደለሽ? ብትጠርጊውና ብትሄጂ ምን ነበረበት?"

ቃሉ ወጋት። ሜትሩን መጠቅለል ጀመረች፣ ተሳስቶ ተፈታ፣ እንደገና ጠቀለለች። መሄድ ትችል ነበር። እግሯ ሁሉ ሂጂ ሂጂ ይላት ነበር። ነገር ግን የመጣችበት ነገር ገና ግማሹ ነው። ቦርሳዋን ከፍታ፣ ለማንም አሳይታው የማታውቀውን ደብተር አወጣች። ባለፈው ዓመት የመጨረሻውን ዓርብ ገልጣ ሰጠችው።

"ምንድነው ይሄ? ትል ነው?"

"ፌንጣ ነው። አንተ ነህ።"

ደብተሩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ "እግሩ ስድስት መሆን ነበረበት" አለ።

"ቦታ አጣሁ።" አጠገቡ ቆመች። "ባለፈው ዓመት መጨረሻ ከመስመሩ ስር ሦስት ጣት ነበርክ። ሦስት ጣት ስድስት ሴንቲ ይሆናል። ወለሉ የወጣው ሰባት ነው። አሁን ከመስመሩ በላይ ያለኸው አንዲት ሴንቲ ናት። ቀንሰው።"

ቀነሰው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል።

"እዚያው ነኝ" አለ።

"እዚያው ነህ። አልወጣህም። አልወረድክምም። የሁሉም እንደዚያ ነው፤ የቁምሳጥንም፣ የሽቦም። ማንም አልወጣም። ጉልበትህ ስድስት ሳምንት አርፏል እንጂ አልዳነም። ሐኪሙ ያለህ እንዳለ ነው። መጫወት ከፈለግክ ተጫወት፤ እኔ ጠራጊ ነኝ። ወለሉን አይተህ ግን አትወስን።"

ይሄን ያህል በአንድ ትንፋሽ ተናግራ አታውቅም። ተናግራ ስትጨርስ እሷም ደረጃው ላይ፣ ከጎኑ ተቀመጠች። መሰላሉ ሁለቱንም ችሎ አቃሰተ። ፌንጣ ደብተሩን ወደ ኋላ መግለጥ ጀመረ። ገጽ በገጽ። ነጥቡ ከመስመሩ ስር፣ መስመሩ ላይ፣ ከመስመሩ በላይ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት አንድ ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"እዚህ ጋ ሁለት ጣት በላይ ነበርኩ።"

"ያን ዕለት ሰው ሁሉ ነው የጮኸው።"

"ትዝ ይለኛል" አለ። ደብተሩን ዘግቶ በሁለት እጁ መለሰላት። ከዚያ ሰዓቱን አይቶ ተነሳና፣ ሳይሰናበታት ወጣ።

በአራት ሰዓት ተኩል አሰልጣኙ መጣ። እሷ አሁንም እዚያው ነበረች፤ አንዱን ወለል ስትወለውል ሦስተኛ ጊዜዋ መሆኑ ነው። አሰልጣኙ ለክለቡ አለቃ የሚሰጠውን ደብዳቤ ይዟል፤ አዲሱ የሣጥን ልምምድ በአራት ቀን ውስጥ ተጫዋቾቹን እንዴት እንዳስዘለላቸው የሚገልጽ ነው። ፊቱ በርቷል። ለሱም መንገር አለባት። አንዴ ከጀመሩ አይቀር ብላ፣ መወልወያዋን ተደግፋ ነገረችው።

"ሁሉም እኩል ነው የጨመሩት?" አለ አሰልጣኙ።

"ሰባት ሰባት ሴንቲ።"

"ቁምሳጥንም?"

"ቁምሳጥንም።"

"እሱማ አንድ ቀን እንኳ ሣጥኑ ላይ አልወጣም። ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ነው የ..." አለና አቆመ። ደብዳቤውን ለሁለት አጥፎ፣ ከዚያ ለአራት አጥፎ ኪሱ ከተተው። "ለስንት ሰው ነገርሽ?"

"ለርስዎና ለፌንጣ። ለባሌም።"

"ይበቃል። ሰኞ ብረት ሠራተኛ ጠርተን ቅርጫቱን ከፍ እናስደርጋለን።" በሩ ጋ ደርሶ ዞረ። "የኳሱ መርዘምም ከዚህ ነዋ?"

"እሱስ ይመስለኛል።"

"ሃምሳ ኳስ ብልሽት አለው ብዬ ለሻጩ መልሼ ነበር እኮ" ብሎ ወጣ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ጨርቆቿን ዘርግታ ልትሄድ ስትል ፌንጣ ተመለሰ። የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሏል፤ ጫማው አቧራ ለብሷል። ምን እንዳለ ከፊቱ ማወቅ አልቻለችም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እግሩን ዘረጋ፣ የቀኙን ቀስ አድርጎ።

"እሺ አልኳቸው" አለ።

እሷ ጨርቁን ጨመቀች፤ ቀድሞም የተጨመቀ ነበር።

"መጀመሪያ ይቅርብኝ ልል ነበር። በሩ ጋ ደርሼም ይቅርብኝ ልል ነበር። ለካ የትምህርት ቤቱ ደረጃ አሥራ ስድስት ነው። ሁልጊዜ አጥሩን ነው የማየው እንጂ ደረጃውን አይቼው አላውቅም። አሥራ ስድስቱን ስወጣ ጉልበቴ አሥራ ስድስት ጊዜ ተናገረ። ላይ ስደርስ ሌላ የምለው አልነበረኝም።"

"ተቀየምከኝ?"

"ጠዋት ተቀይሜሽ ነበር። ደረጃ ስድስት ላይ ስደርስም ተቀይሜሽ ነበር።" ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። "ዳይሬክተሯ ልጆቹን ምን ታስተምራቸዋለህ አለችኝ። መዝለል ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር። መዝለሉንማ ማንም ሳያስተምራቸው ይችሉታል፤ እኔ መጀመሪያ የማስተምራቸው አወራረድ ነው አልኳት። ጉልበት አጥፎ፣ በሁለት እግር፣ ድምፅ ሳያሰሙ ማረፍ። እኔን ማንም አላስተማረኝም። አንድ ጊዜ እንዴት እንደሆነ ላሳይሽ?"

ሊነሳ ሲል እጇን አንስታ አስቆመችው።

"አሳየኝ" አለች። "ግን መጀመሪያ ጫማህን አውልቅ። አሁን ነው የወለወልኩት።"